የጓሮ ዶሮዎችን በሙቀትና በድርቅ ወራት ስለ መንከባከብ፦ ከመሰላና ከጭሮ አካባቢ ሁኔታ አንፃር

በድርቅ የተጎዳ ወረዳ በሚጠናበት ጊዜ በቅጾች ላይ የሚሰፍሩት የተረጂው ሕዝብ ብዛት፣ የጠፋው ሰብልና የሞቱት የቀንድ ከብቶች፣ ፍየሎችና ግመሎች ናቸው። ዶሮ ብዙውን ጊዜ ዓምድ የላትም። ይሁን እንጂ በምዕራብ ሐረርጌ እንደ መሰላ ባሉ ወረዳዎች በሬው ከተሸጠና ፍየሏ ከሞተች በኋላ በቤተሰቡ እጅ የምትቀረው ሕይወት ያላት ንብረት ዶሮ ናት። ከዕንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የሚገኘው ጥቂት ገንዘብ በአብዛኛው እማወራዋ ራሷ የምታዝበት፣ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር የሚገዛበት በመሆኑ፣ የዚህች ትንሽ ሀብት መጥፋት ሳይውል ሳያድር በእናቶችና በሕፃናት ኑሮ ላይ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ትምህርት ሙቀት በጓሮ ዶሮዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለወረዳ ኃላፊዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዕርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የሙቀቱ ወራትና ገበያው

ከውጭ አገር የሚመጡ የዶሮ እርባታ መመሪያዎች የሙቀቱን ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያደርጉታል። እነዚህ በእኛ አገር የክረምት ወራት ናቸው። መመሪያውን የሚተረጉም ሠራተኛ «በጋ» ብሎ ቢያልፈውም ችግሩ አይፈታም፤ በጭርጭር ተራሮች ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጫጩት የሚገድል ብርድ ያለበት ነውና። በጭሮና በመሰላ ዙሪያ ባለው ወይና ደጋና ቆላ፣ ይልቁንም ወደ ሚኤሶ ሲወረድ፣ ዶሮን የሚያሰጋው ሙቀት ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሰኔ የሚዘልቀው ነው። የበልግ ዝናብ በወቅቱ ከጣለ ሙቀቱን ያበርደዋል፤ ካልጣለ ግን ፀሐዩ፣ የውኃ እጥረቱና የመኖ እጦቱ በአንድነት ይመጣሉ። በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀርቶ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት በተዛባ ጊዜ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው በ2008 ዓ.ም. መገለጹ ይታወሳል።

የገበያው ሁኔታም ከዚሁ ጋር ተያይዞ መታየት ይኖርበታል። የአካባቢው አርቢዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ቢሆኑም በዋናው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች የዶሮ ዋጋ የክርስቲያኑን ጾምና በዓል ይከተላል። 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ነው። በጾሙ ወራት ዋጋው ይወርዳል፤ ለፋሲካ ይወጣል። የመሰላ ወይም የጭሮ ገጠር አርቢ በጾሙ መካከል በርካሽ መሸጥ ካልፈለገች እስከ በዓሉ ማቆየት አለባት፤ ስታቆይ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ዶሮ በሙቀት የምትሞትበትን ጊዜ ማለፍ ይኖርባታል። በእነዚህ ሳምንታት የሚሰጥ ምክር በገንዘብ የሚመነዘር ጥቅም አለው የምንለው ስለዚህ ነው።

ሙቀት ዶሮን እንዴት እንደሚጎዳ

የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የላብ ዕጢ የላትም፤ በላዩም ላባ ለብሳለች። አየሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ይስማማታል። ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አፏን ከፍታ ማለክለክ ትጀምራለች፤ ክንፎቿን ከጎኗ አርቃ ትዘረጋለች፤ አፈር ጭራ በቀዝቃዛው ላይ ትተኛለች። ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆንና ነፋስም ከሌለ ለሕይወቷ ያሰጋል። ከመሞቷ በፊት መራመድ ያቅታታል፤ አንገቷን ትዘረጋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ማለክለክ የሚያቀዘቅዛት ከሳንባዋና ከጉሮሮዋ ውኃ በማትነን ነው። ስለዚህ የምትተነፍሰው እያንዳንዱ ትንፋሽ ውኃ ያስወጣታል። ከዚህም ሌላ በብዛት ስትተነፍስ ከደሟ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ፣ ለዕንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ይጓደላል። በሚያዝያና በግንቦት ገበያ ላይ ቅርፊቱ የሳሳና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ዕንቁላል የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዕንቁላል ገዢው «የአሮጊት ዶሮ ነው» እያለ ዋጋ ሲሰብር ይሰማል፤ ዶሮዋ ግን የሙቀት ጉዳተኛ ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም እኩል አይጎዱም። ወፍራምና ከባድ የሆኑት፣ ዕንቁላል በመጣል ላይ ያሉት፣ እንዲሁም ዕንቁላል የታቀፉት ይበልጥ ይጎዳሉ። በአንፃሩ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ለደጋ አካባቢ ተብሎ የተሰጠ «ሃይ ቦክስ» የተባለው የጫጩት ማሳደጊያ ሣጥን በቆላ ቀበሌዎች በቀትር ተዘግቶ ከዋለ ጫጩቶቹን አፍኖ ይገድላቸዋል። ሌሊት ይዘጋ፣ ቀን ክዳኑ ይከፈት፤ ጫጩቶቹም ወደ ጥላ ይውጡ።

ውኃ

በተስማሚ አየር አንዲት ያደገች ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። በሙቀት ጊዜ ፍላጎቷ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አምስት ዶሮ ላላት ቤት በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ማለት ነው፤ ይህም የአንድ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ስምንተኛ ነው። ውኃ ከሩቅ ምንጭ በሴት ጀርባ ወይም በአህያ ለሚቀዳበት ቤት፣ ወይም በቦቴ ለሚታደልበት ቀበሌ፣ ይህ ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር የሚል ቢሆንም በቦቴ ዕደላ ጊዜ ይህን ያህል የሚደርሰው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዶሮዎች በዕቅዱ ውስጥ ስላልተቆጠሩ የሚጠጡት ከሰው ድርሻ ተቀንሶ ወይም ከናካቴው ተከልክለው ነው። የቦቴ ውኃ ዕቅድ የሚያወጡ ሠራተኞች ለአንድ ቤተሰብ በቀን ተጨማሪ 3 ሊትር ቢያስቡ የጓሮ ዶሮዎችን ለማትረፍ ይበቃል። በበኩላችን ይህ ከሌሎቹ ምክሮች ሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው እንላለን።

የውኃው መጠን ብቻ ሳይሆን የሚቀመጥበት ዕቃም ዋጋ አለው። በየቤቱ የዕርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ ለዶሮ ውኃ ማጠጫነት ሲያገለግል ይታያል። ጣሳው ፀሐይ ላይ ከዋለ ውኃው ይግላል፤ ዶሮም የጋለ ውኃ አትጠጣም። የተሰበረ ገንቦ ወይም ገል ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሸክላ ውኃውን በዝግታ እያተነነ ያቀዘቅዘዋልና። ገሉ ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በዛፍ ሥር ወይም በቤቱ ጥላ በኩል ቢቀመጥ፣ በቀን ሦስት ጊዜም ቢቀየር ወጪ የማያስወጣ ጥሩ ዘዴ ነው። ሳሙና ያልነካው የእህልና የአትክልት ማጠቢያ ውኃም ሳይደፋ ለዶሮ ሊውል ይችላል። ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ ጎጆዋን ትታ ውኃ ፍለጋ ሩቅ ስለማትሄድ ውኃው አጠገቧ ሊቀርብላት ይገባል።

አልፎ አልፎ ለሕፃናት ተቅማጥ የሚታደለው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ለዶሮ ሲበጠበጥ እናያለን። ለሕፃናት የመጣ መድኃኒት ለዶሮ መዋሉ ተገቢ አይደለም፤ ቤት ውስጥ በግምት የሚበጠበጥ ጨውም ዶሮን ይመርዛል። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ጥላና ማደሪያ

በድርቅ ወራት የዛፍ ቅርንጫፍ ለከብት ስለሚቆረጥ፣ የማሽላ አገዳውም ለመኖና ለማገዶ ስለሚውል፣ በግቢው ውስጥ የነበረው ጥላ ይመነምናል። ዶሮዎቹ ወደ ጫት ማሳ ይሸሻሉ። በሐረርጌ ጫት ዶሮን የሚጠልል ጥሩ ጥላ ነው፤ ሆኖም ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨ ከሆነ ሥሩን እየጫሩ የሞቱ ተባዮችን የሚለቅሙ ዶሮዎች ይመረዛሉ። የግብርና ሠራተኛው ስለ ጫት ርጭት በሚያስተምርበት ቀን ዶሮዎቹ ከተረጨበት ቀን ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ከማሳው መራቅ እንዳለባቸው አብሮ ይንገር።

ለዶሮ ማደሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ መሥራት እንደ መሻሻል ይታያል። በቆላ ይህ አጉል መሻሻል ነው። የሣር ክዳን ይሻላል፤ ቆርቆሮ ወይም የዕርዳታ ላስቲክ ብቻ ከተገኘ በላዩ ወፍራም ሣር፣ ገለባ ወይም ቅጠል ይነስነስበት። የማደሪያው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሰፊውን ግድግዳ አያገኘውም። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በጭቃ ተለስኖ የላይኛው በእንጨት ርብራብ ብቻ ቢቀር ነፋስ ያልፋል፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ግን የርብራቡ ቀዳዳ ጠባብ መሆን አለበት። በመጠለያ ጣቢያዎች በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር የሚያድሩ ዶሮዎች ሌሊት የሚያድሩበት ቦታ ቀን ምድጃ ስለሚሆንባቸው፣ በቅርጫት ውስጥ ሆነው በዛፍ ሥር ቢውሉ ይመረጣል። በቆጥ ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቀው የዶሮ መዥገር በሙቀት ስለሚራባ ቆጡ በየጊዜው በፈላ ውኃና በአመድ ይጸዳ።

ሙቀት የመታት ዶሮ ወዲያው ወደ ጥላ ትወሰድና እግሮቿ፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከመንቁሯ ሥር የተንጠለጠለው በቀዝቃዛ ውኃ ይራስ። ውኃ በግድ መንቁሯን ከፍቶ ማፍሰስ ወደ ሳንባዋ ስለሚገባ ይገድላታል። ራሷ ቀና ስትል ትጠጣለች።

ስለ መኖ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የጓሮ ዶሮ ተዘዋውራ የምትለቅም እንደ መሆኗ ጠዋትና ማታ ለቅማ በቀትር ታርፋለች። ተዘግተው ለሚያድጉት ግን መኖ የሚሰጥበት ሰዓት ወሳኝ ነው። የበሉት ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይመገቡ፤ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መኖው ይነሣ። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ የማከማቸት የቆየ ልማድ አለ። ከጉድጓዱ የወጣ የሻገተ ማሽላ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለዶሮ ይደፋል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ስለሚጎዳ ሙቀትን የመቋቋም ኃይሏን ይቀንሳል። ጥቂት እህል ለማትረፍ ሲባል ዶሮዋን ማጣት ይመጣል።

ሙቀት ወይስ ፈንግል?

በሙቀት ወራት ዶሮ ስትሞት ባለቤቶቹ ሁሉንም «ፈንግል ነው» ይላሉ፤ የወረዳው ሪፖርትም ያንኑ ይጽፋል። ሠራተኛው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቼ ሞተች የሚለውን ነው። በሙቀት የሚሞቱት ከቀትር በኋላ ይሞታሉ፤ ወፍራሞቹ ይቀድማሉ፤ የተረፉት ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሻላቸዋል። በፈንግል ጊዜ ግን ሞቱ ሌሊትም ይቀጥላል፤ አረንጓዴ ቀለም ያለው ተቅማጥ፣ ሳል፣ የአንገት መጠምዘዝና የእግር መስነፍ ይታያል፤ በሽታውም ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃል። የፈንግል ወረርሽኝ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ በሚገባበት ሰሞን ስለሚበረታ የሙቀቱ ወራት ማለቂያና የበሽታው መጀመሪያ ይደራረባሉ። ከታመመ መድኃኒት የለውም። የታመሙትን ለማትረፍ ተብሎ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ወደ ሌላ ቀበሌ መላክ ነው።

መከላከያው ክትባት ነው፤ እዚህ ላይ ለዕርዳታ ሠራተኞች በተለይ የምናስገነዝበው ጉዳይ አለ። ክትባቱ በሚጠጣ ውኃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ከሆነ ውኃው ክሎሪን ያለበት መሆን የለበትም። በቦቴ የሚታደለው ውኃ በክሎሪን የታከመ ነው፤ ክሎሪኑ ሕይወት ያለውን ክትባት ይገድለዋል። በዚህ ዓይነት ዘመቻ ዶሮዎቹ የተከተቡ ይመስላሉ፤ ሪፖርቱም ይሞላል፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ያልተከተቡትን ያህል ያልቃሉ። የምንጭ ወይም የዝናብ ውኃ ከተገኘ እርሱ ይመረጥ። ካልተገኘ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 2.5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ክትባቱ ይበጥበጥ። ዶሮዎች ክትባቱን ቶሎ እንዲጠጡ አስቀድሞ ውኃ ይከለከላሉ፤ ይህን በቆላ በቀትር ማድረግ በክትባት ስም መግደል ነው። ውኃው ማታ ይነሣና ክትባቱ ሊነጋጋ ሲል ይቅረብ፤ ጎሕ ሲቀድ የተጠማች ዶሮ ወዲያው ትጠጣዋለች። ማቀዝቀዣ በሌለባቸው ቀበሌዎች ሙቀትን የሚቋቋመው «አይ 2» የተባለው በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት ከተለመደው ይመረጣል፤ ይህ ዓይነት ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ይመረታል።

ዶሮ ስለ ማደልና ስለ ሠፈራ

ድርቅ የመታቸውን ቤተሰቦች መልሶ ለማቋቋም ቄብ ዶሮ ማደል በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፤ የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስትጥል የተሻሻሉት ዝርያዎች በደህና አያያዝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጥላሉ። ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ ገንዘቡን ለመጨረስ ዕደላው ወደ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ የመገፋት ዝንባሌ አለው። ይህ ማለት በእርባታ ጣቢያ ጥላ ሥር በቂ ውኃ እየጠጣች ያደገች ቄብ በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆነው ወር በጭነት መኪና ተጭና፣ ውኃ በጀሪካን ወደሚሸጥበት ቀበሌ ትወርዳለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ጥፋት አርቢዎቹን «አያያዝ አያውቁም» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለንም። በቆላ ቀበሌዎች ዕደላው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ውኃም፣ ነፍሳትም፣ የአዝመራ ርጋፊም ይገኛል፤ ከዕደላው በፊትም በእያንዳንዱ ቤት ጥላና የውኃ ማስቀመጫ መኖሩ በዓይን ይታይ።

የዝርያ ምርጫም ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። እንደ ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉት ከባድ ዝርያዎች ለጭርጭር ደጋ ይስማሙ ይሆናል፤ ወደ ሚኤሶ በኩል ግን ከግብፅ የመጣችው ፋዮሚና ቀለል ያለ አካል ያላቸው ሌሎች ይሻላሉ። የአገራችን መላጣ አንገት ዶሮ ደግሞ ሊታሰብባት ይገባል። አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ይህች ዶሮ በጠቅላላው ላባዋ ከሌሎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያነሰ ስለሆነ ሙቀት ከሰውነቷ በቀላሉ ይወጣል። መልኳ ስለማያምር በገበያ ትናቃለች፤ ለእርባታ የምትቀር ግን እርሷ ብትሆን የቆላ አርቢ ይጠቀማል።

በሠፈራ ጊዜ ችግሩ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሠፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በብዛት ከደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላማ አካባቢዎች ተጉዟል። በ1996 ዓ.ም. ገደማም ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የተነሡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዴዴሳ ሸለቆ፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን በሚገኘው በጨዋቃ ሠፍረዋል። ቤት ያፈረሰ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚችለው እንስሳ ዶሮ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከደጋ የወረደች ዶሮ ግን ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋታል። በእነዚህ ሳምንታት ጥላና ውኃ ካገኘች ትለምዳለች።

ጉዞውን በተመለከተ፣ እግሯን ታስራ ራሷ ወደ ታች በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የምትንጠለጠል ዶሮ ነፋስ ቢያገኛትም ፀሐዩ ይገድላታል፤ በተጨማሪም ተዘቅዝቃ በደንብ ማለክለክ አትችልም። የሚጓዙት ነፋስ በሚያሳልፍ ቅርጫት ሆነው፣ በአንድ ቅርጫት ከ10 ሳይበልጡ፣ ሌሊት ወይም ማለዳ ይጫኑ። መኪናው ለምሳ በሚቆምበት ጊዜ ቅርጫቶቹ ወደ ጥላ ይውረዱ፤ ቆሞ በሚውል መኪና ላይ ያለ ጭነት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ለመፈልፈል የታሰበ ዕንቁላል አብሮ የሚጓዝ ከሆነ በእህል ውስጥ ተቀብሮ፣ በሸክላ ማሰሮ ሆኖ፣ ከተጣለ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ዶሮ እንድትታቀፈው መደረግ አለበት፤ በሙቀት ቦታ ብዙ የቆየ ዕንቁላል ውስጥ ያለው ፅንስ ገና ሳይታቀፍ ማደግ ይጀምርና ይሞታል።